ያልወጣው ቁጥር ሁለት

ለውድ እህቴ ለብርቅዬ፣

ሰላምሽ ጠዋት እንደሚታየው ሐይቃችን የረጋ ይሁን። ጤናሽ እንዴት ነው? ክረምት ሲገባ ይነሣብሽ የነበረው የወገብ ሕመም ናይሮቢ ላይ ለቀቀሽ ወይስ ድንበር ተሻግሮ ተከተለሽ? የስፌት መኪናሽስ ተሠራች? ታቢታስ ጤናዋ፣ ትምህርቷ፣ ጠባይዋ እንዴት ነው? በላክሽው ፎቶ ላይ ቁመቷ አንቺን አልፎ አየነው። እማዬ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አዙራ ካየች በኋላ «ይቺስ የአባቷን የዓለማየሁን ትከሻ ነው የወሰደችው» አለችና ዝም አለች። ያንቺን ዝምታ ከማን እንደወረስሽው ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

እኛ ሁላችን ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ እንደ ሌላ ሰው ለደብዳቤ ማሟያ አይደለም። ዕፀገነት ደህና ናት፤ መሥሪያ ቤቷ አለቃ ቀይሮባት ትንሽ ታማርራለች። ልጆቻችን ኢያኤልና ሮሆቦት ደህና ናቸው። እማዬን ሐኪም አይቷታል፤ ስለ እሷ ወደ ታች እጽፍልሻለሁ። እኔም ከስኳሬና ከቁጣዬ በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም፤ ሁለቱም በቁጥጥር ሥር ናቸው ይላል ሐኪሙ። ዕፀገነት ግን በሁለተኛው አትስማማም።

በስልክ የላክሽልኝን ድምፅ ሰምቼዋለሁ። ወዲያው ያልመለስኩልሽ ስለተቆጣሁ ነው። በስልክ ስቆጣ የማይሆን ቃል ያመልጠኛል፤ ዕፀገነትም «ጎረቤት ሰማ» እያለች መስኮት ለመስኮት ትሮጣለች። በጽሑፍ ግን ሰው ራሱን ማረም ይችላል። ይህን ደብዳቤ ከዚህ በፊት ጽፌው ቀድጄዋለሁ፤ የተቀደደው ላንቺ የሚሆን አልነበረም። ይህኛውን የባለ ሱቁ የሙክታር የወንድም ልጅ ጠሀ በሞያሌ በኩል ለንግድ ሲመጣ ያደርስልሻል። ከደብዳቤው ጋር አንዲት ትንሽ ፓኬት አለች፤ ደብዳቤውን ሳትጨርሺ እንዳትከፍቻት።

ያዘዝሽኝን በትክክል ተረድቼ እንደሆነ ልድገመው። የመክብብ ስቱዲዮ ሊፈርስ ነው ሲባል ሰምተሻል። እዚያ የቀረውን፣ ያልወጣ የመዝሙር አልበምሽን፣ የቁጥር ሁለትን ቅጂ ሄደህ አስጠፋልኝ አልሽ። ሙክታር ሱቅ ግድግዳ ላይ ያለውን የአልበሙን ፖስተር አውርደህ ጣልልኝ አልሽ። ቀጥለሽም፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ናይሮቢ የቀዳሽው አዲሱ አልበም ለፋሲካ እንደሚወጣና «ቁጥር ሁለት» ተብሎ እንደሚጠራ ነገርሽኝ። እኔን ያስቆጣኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ማጥፋቱን ሐዘን ነው ብዬ እረዳዋለሁ። በጠፋው ቦታ ላይ ሌላ ማስቀመጡ ግን ሌላ ነገር ነው።

ታዝዤ መጀመሪያ ወደ ስቱዲዮው ሄድኩ። መንገዱ ሲሰፋ የፊት ለፊቱ አጥር ፈርሷል፤ መክብብ ራሱ በር ላይ ቆሞ ድምፅ የሚያፍነውን ስፖንጅ ከግድግዳ ሲልጥ አገኘሁት። ሸብቷል። ጆሮውም ትንሽ ደክሟል፤ ድምፅ ሲቀዳ የኖረ ሰው «እ? እ?» ሲል መስማት ያሳዝናል። ሲያየኝ «ኩማ! አሁንም ሰው እያረምክ ነው?» አለኝ። የሚታረም እስካለ ድረስ አዎ አልኩት። የየሰዉን ቅጂ ለየባለቤቱ እየመለሰ ነው፤ ባለቤቱ ያልመጣለትን ይጥለዋል። ያንቺን ግን በልዩ ቦታ አስቀምጦት ነበር። «ይህን እንኳ አልጥለውም ነበር፤ ሳትመጣ ብትቀር ቤቴ እወስደው ነበር» አለኝ።

ላስጠፋው ነው የመጣሁት ስለው ፊቱ ጠቆረ። «ሳትሰማው?» አለኝ። ትክክል ነው፤ ሳላየው የማርመውም የማጠፋውም ነገር የለም። ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

ብርቅዬ፣ ያን ዓመት ላንቺ ማስታወስ አያስፈልግም፤ ግን እኔ የማስታውሰው አንቺ ከምታስታውሽው ይለይ ይሆናል። የዓለማየሁ ኩላሊት እምቢ ካለ በኋላ ከአልጋ መውረድ አቅቶት ነበር። ያ እንግዳ አገልጋይ መጥቶ እጁን ጭኖ «ተፈውሷል፤ አሁን የቀረው የእናንተ ምስጋና ነው» ያለ ዕለት እኔም ቤታችሁ ነበርኩ። ምእመኑ ሁሉ አሜን አለ። አንቺም በእምነት አስቀድሜ አመሰግናለሁ ብለሽ ተነሣሽ። እሱ አልጋ ላይ እንዳለ፣ እንደ ዳነ፣ እንደ ቆመ፣ በእግሩ እንደ ሄደ አድርገሽ አልበም ሙሉ ምስጋና ጻፍሽ። ያኔ «ቆዪ፣ ሰውየው ይነሣና ዘምሪ» ያልኩሽ እኔ ብቻ ነበርኩ። አሁንም ትክክል ነበርኩ እላለሁ። ትክክል መሆኔ ግን ለሱም ላንቺም ለማንም አልጠቀመም።

ፖስተሩ «በቅርብ ቀን ይጠብቁ» ብሎ ከተማው ላይ በተለጠፈ በዚያው ሰሞን ዓለማየሁን ቀበርነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን አንድ ሰው፣ ስሙን አልጠራም፣ ዛሬም መንገድ ላይ ሰላም አልለውም፣ «አልበሙ ቶሎ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ምስጋናው ደርሶ ሰውየው ይድን ነበር» አለ። አንቺ ሰምተሽዋል። እኔ ከወንበሬ ስነሣ እጄን የያዝሽኝ አንቺ ነሽ። በማግስቱ ለመክብብ ደውለሽ አቁመው አልሽ። ከዚያም ልጅሽን ይዘሽ ሄድሽ። ሐዋሳም ቁጥር ሁለትን ሲጠብቅ ቀረ።

አሁን ስለ ሰማሁት ልንገርሽ። ሦስተኛው መዝሙር ላይ ኪቦርዱ ይጮሃል፤ ያኔም ነግሬሽ ነበር። አምስተኛው ከሚገባው በላይ ይጎተታል። የቀረው ግን ጥሩ ነው። እኔ በቀላሉ ጥሩ ነው እንደማልል ታውቂያለሽ፤ መዘምራን ሳሠለጥን ስንቱን ልጅ አስለቅሻለሁ። ያቺ ዓለማየሁ ድኖ በር የሚከፍትባት መዝሙር ስትደርስ መክብብ ወደ ግድግዳው ዞረ። እኔ ወረቀት ላይ የኪቦርዱን ነገር ስጽፍ ነበርና እዚያው ላይ ብዕሬን ይዤ ቀረሁ።

በሩን ራሱ ከፈተው፣ በገዛ እጁ፣
ተመስገን የኔ ጌታ፣ ደረስክ ከደጁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጽፍልሽ እፈልጋለሁ፤ ከዚህ በፊት ሰምተሽው እንደሆነ አላውቅም። አንቺ ለቀረጻ ስትሄጂ እኔ ከዓለማየሁ ጋር እቀመጥ ነበር። የሙከራውን ካሴት በትንሿ ቴፕ ደጋግሞ ያስከፍተኝ ነበር። አንድ ቀን ይህችው መዝሙር ስታልቅ ሳቀና «ኩማ፣ በዚህ ቤት ውስጥ እኔ ጤነኛ የምሆንባት ቦታ ይህች ካሴት ብቻ ናት። መልሳት» አለኝ። መለስኩለት። እውነቱን ነው። ራሱን፣ በሩን ሲከፍት፣ ደግሞ ደጋግሞ ሰማ።

ይህን እያሰብኩ ሳለ የመክብብ ልጅ ፌቨን ገባች። የዛሬ ልጅ ናት፤ ፈጣን፣ ሥራዋን የምታውቅ፣ በዩቲዩብ መዝሙር ታወጣለች። «ጋሽ ኩማ፣ ይህ እኮ ዕንቁ ነው! እንልቀቀው» አለችኝ። በሽታን ስላሸነፈ ሰው የሚናገር እውነተኛ ምስክርነት ነው ብለን ከታች እንጽፍበታለን አለች። ሰውየው ሞቷል አልኳት። ታውቃለች ለካ። «ማን ያውቃል? አሁን ያለው ሰው እኮ አያውቅም» አለችኝ።

ብርቅዬ፣ እንዴት እንደተቆጣሁ አልገልጽልሽም። መክብብ በደከመ ጆሮው እንኳ ሰምቶ ወደኛ ዞረ። «ልጄ፣ እህቴ ይህን ስትዘምር አልዋሸችም። ተስፋ አደረገች፣ ተስፋዋ አልሆነም። ውሸት የሚሆነው ዛሬ አንቺ እንደዚያ ብለሽ ያወጣሽው እንደሆነ ነው» አልኳት። ልጅቷ አቀርቅራ «ይቅርታ፣ ጋሼ፤ እኔ እንዲሰማ ብዬ ነው» አለች። ክፋት የላትም። ግን ያን ጊዜ አጥፉት ለማለት ቆርጬ ነበር። እንዲህ በሰው እጅ ከሚወድቅ ብርቅዬ እንዳለችው ይጥፋ አልኩ በልቤ። በማግስቱ እማዬን ወደ ሐኪም የማደርስበት ቀጠሮ ስለነበረኝ ከዚያ በኋላ መጥቼ በፊቴ ይጠፋል ብዬ ወጣሁ። ሌላው ሲያጠፋልኝ አላምንም፤ ማየት አለብኝ።

እማዬን የወሰድኳት ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ነው። ጉልበቷንና ግፊቷን ጥሩ አድርገው አይተዋታል፤ ጨው ቀንሺ ተብላለች፣ አልቀነሰችም። ካርድ የምትሞላው ነርስ «እማማ፣ ስንት ልጆች ወልደዋል?» ብላ ጠየቀቻት። «ሦስት» አለች እማዬ። እኔም ለልጅቷ እንዳይሳሳትባት ብዬ «ሁለት ነን» አልኩ። እማዬ እንዴት እንደዞረችብኝ ብታዪ! «አንተ ነህ የወለድከው?» አለችኝ በሰው ፊት። ቀጥላም ጣቷን እየቆጠረች «ኩማ፣ በቀለ፣ ብርቅዬ» አለቻት። በቀለ የት ነው ያሉት ብላ ነርሷ ስትጠይቅ «ሞቷል። ወልጄዋለሁ ግን» አለች። ነርሷም ሦስት ብላ ጻፈች። ከነርሷ ጋር ሆነው ሁለቱም እኔን እንደ ጥፋተኛ አዩኝ።

በቀለን እኔም በደንብ አላስታውሰውም፤ አንቺማ ሳትወለጂ ነው የሄደው። የማስታውሰው ነገር ቢኖር የኔን ጫማ አጥልቆ ግቢ ውስጥ ሲንገዳገድ ነው። እማዬ ግን የልጆቿን ቁጥር አንድም ቀን ቀንሳ አታውቅም።

መድኃኒት እስኪሰጡን ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አጠገባችን አንዲት ሴት ዘንቢል ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ለታመመ ሰው ምግብ ያመጣች ናት። ለራሷ ያህል በለሆሳስ ታዜማለች። መጀመሪያ ልብ አላልኩም። ከዚያ ዜማው ጆሮዬን ያዘው። ያንቺ መዝሙር ነው! ያልወጣው አልበም፣ ማንም ያልሰማው የሚባለው። «በሩን ራሱ ከፈተው» ትላለች። ለካ ቀረጻ ሳይገባ መዘምራኑ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲለማመዱት የሰማ ሰው ይዞት ወጥቷል፤ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ኖሯል።

እና ምን ሠራህ ብትዪኝ፣ ታውቂኛለሽ፣ አረምኳት። «ደረስክ» የምትለው ላይ ዜማው መውረድ ሲገባው እሷ ወደ ላይ ትወጣለች። «እህቴ፣ እዚያ ቦታ ይወርዳል እንጂ አይወጣም» አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት የደረሱት?» አለችኝ። እህቴ ናት የደረሰችው አልኳት። ሳቀች። «ይህ እኮ የድሮ መዝሙር ነው፤ ደራሲውም አይታወቅ» አለች። አሥራ አምስት ዓመት ድሮ አይባልም ብዬ ልከራከር ስል እማዬ ጣልቃ ገብታ «የልጄ ነው» አለች። ሴትየዋ እኔን ያላመነች እሷን ወዲያው አመነቻት። «እውነት? እማማ፣ ልጅዎን ይባርክልዎ!» ብላ እጇን ስማ ያዘቻት።

ማን ታሞ ነው ብዬ ጠየቅኳት። ባለቤቷ ነው፤ ውስጥ ተኝቷል። ተሻለው ወይ አልኳት። አልተሻለውም። ያን ጊዜ ያ የቆየ ነገሬ ተነሣብኝና «ታዲያ ሳይሻለው ከፈተው እያልሽ እንዴት ትዘምሪያለሽ?» አልኳት። በክፋት አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጌ ነው። እሷ ግን የዋህ ልጅ እንደጠየቃት ሁሉ ተገርማ «እንዴ ጋሼ፣ ሲሻለው ነው እንዴ የምዘምረው? ሲሻለውማ ሥራ አለብኝ!» አለችኝ። ዘንቢሏን ይዛ ተነሣችና ወደ ውስጥ ገባች። ስትገባም እያዜመች ነበር። እዚያው «ደረስክ» ላይ ዜማውን ደግማ ወደ ላይ አወጣችው።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ እማዬ ያንኑ መዝሙር ጀመረች። እሷም እዚያ ቦታ ላይ ወደ ላይ ትወጣለች። ከተማው በሙሉ ስህተቱን ነው የሚያውቀው። ማረም ትቼ ወደ ውጭ አየሁ።

ቤት ገብቼ አሰብኩበት። የማስበው በሙያዬ ነውና ታገሺኝ። ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ሙከራ ሲወድቅ አይሰረዝም። የወደቀው ሙከራ ቁጥሩን ይዞ ይቀመጣል፤ የሚቀጥለው የራሱን ቁጥር ይወስዳል። ያልተሳካውን ሰርዞ የተሳካውን በሱ ቁጥር ያስገባ ተማሪ፣ ውጤቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እኔ ዘንድ አያልፍም። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ይህንን ነው። አንቺ አመሰገንሽ፤ ያመሰገንሽበት ነገር አልሆነም። ፈውሱ አልመጣም እንጂ ምስጋናው ግን ተደርጓል። ዓለማየሁ ሰምቶታል፣ ስቆበታል፣ መልሳት ብሏል። ቡሹሎ ያለችው ሴት ዛሬም ትሠራበታለች። አልተደረገም ለማለት አሁን ዘግይተናል።

ስለዚህ አላስጠፋሁትም። ስላልታዘዝኩሽ ተቆጪ፤ ቁጣ የኔ ብቻ አይደለም። ግን በማንም እጅም አልተውኩትም። ወደ ስቱዲዮው ተመልሼ መክብብ ያለውን በሙሉ በአንዲት ትንሽ ዲስክ ላይ አድርጎ ሰጠኝ፤ ከሱ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ዓይኔ እያየ አጠፋ። ፌቨን ራሷ ቁልፉን ተጫነችው። ስትጫነው ዓይኗ እንባ አቀረረ። ልጅቷን ወደድኳት። ጠሀ የያዘልሽ ፓኬት ይኸው ነው። እኔ እስከማውቀው ከዚህ ሌላ ቅጂ በዓለም ላይ የለም። ልታጠፊው ከፈለግሽ በገዛ እጅሽ አጥፊው፤ የሰው እጅ አይገባበትም፣ የኔም ቢሆን። ግን እኔ እንደሰማሁት መጀመሪያ ስሚው። ኪቦርዱን ታገሺው።

ልታወጪው ከፈለግሽ ደግሞ የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያው ላይ በራስሽ ድምፅ እንዲህ በዪ፦ «ይህን የዘመርኩት ባለቤቴ ዓለማየሁ አልጋ ላይ ሳለ ነው። አልተነሣም።» ሌላ ማብራሪያ አትጨምሪ። ከዚያ ይዘመር። እንዲህ ከሆነ እኔም መድረክ ላይ ወጥቼ እመሰክርልሻለሁ፣ ያ ለቅሶ ቤት የተናገረው ሰውም ቁጭ ብሎ ይስማ።

ስለ ፖስተሩ ልንገርሽና ልጨርስ። መሃል ከተማ የሙክታር ሱቅ አሁን ካሴት አይሸጥም፤ የስልክ ልባስና ቻርጀር ነው። አንቺ ግን ከባንኮኒው ኋላ እንደ ድሮው አለሽ፤ ጸጉርሽ እንደዚያ ዘመን ተሠርቶ፣ ከሥርሽ «በቅርብ ቀን ይጠብቁ» ተብሎ። ቀለሙ ነጥቷል፤ ከንፈርሽ ሰማያዊ ሆኗል። አውርደው ብላለች አልኩት። «አታወርደውም። የለጠፈችው እሷ፣ የቀጠረችው እሷ። ሰው ቀጥሮ ዘገየ ተብሎ ቀጠሮ ይቀደዳል?» አለኝ። አሥራ አምስት ዓመት ዘገየች አልኩት። «ሙክታር ሱቁን ዘግቶ ሄዷል እንዴ? እዚሁ ነኝ» አለኝ። ደንበኞች ማን ናት ብለው ሲጠይቁት ምን እንደሚል ጠየቅኩት። «የብርቅዬ ቁጥር ሁለት ነው፤ ይመጣል እላቸዋለሁ» አለኝ። አላወረድኩትም። ልባስ ሰቅሎ ፊትሽን ሸፍኖት ስለነበር እሱን ብቻ ወደ ጎን አስነሣሁት።

አየሽ፣ እዚህ ሰው የዘማሪን አልበም በርዕሱ አይጠራም። የቁጥር አንድሽን ርዕስ ጠይቂ፣ ማንም አይነግርሽም፤ «የብርቅዬ ቁጥር አንድ» ብትዪ ግን ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ያዜምልሻል። ስለዚህ አዲሱን ቁጥር ሁለት ያልሽው እንደሆነ ሰዉ ያ የጠበቅነው መጣ ብሎ ደስ ይለዋል፣ ነገሩም ያልቃል፤ ዓለማየሁ በሩን የከፈተባት ቦታ ትዘጋለች። ቁጥር ሦስት በይው። ሰው «ሁለቱስ የት ሄደ?» ብሎ ይጠይቅ። ብትወጂ መልሺለት፣ ባትወጂ ዝም በዪ። ግን ይጠይቅ። ዲስኩን ብታጠፊው እንኳ ቁጥሩን ለሌላ አትስጪበት። ከታላቅ ወንድምሽ ይህን ብቻ ስሚልኝ፤ ሌላውን እንደ ወደድሽ።

ታቢታን ሳሚልኝ። ትምህርቷን አጠንክሪ በያት፤ ሒሳብ ካስቸገራት ጥያቄውን ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፣ አልቆጣም በያት። ለቤተ ክርስቲያናችሁ ሰዎች፣ በተለይም በታመምሽ ጊዜ ላስታመሙሽ፣ ባላውቃቸውም ምስጋናዬን አድርሺልኝ። ዕፀገነት በጣም ናፍቀሽኛል ትልሻለች፤ ይህን ደብዳቤም አንብባ «ከበፊቱ ይሻላል» ብላለች። ኢያኤል ሰላም ይልሻል። ሮሆቦት አዲሱን አልበም ከሁሉ በፊት ለኔ ትላክልኝ ብላለች፤ አክስቷን አስመስላ ስትዘምር ብታዪያት ይገርምሻል። መክብብና ሙክታር ሰላም ብለዋል። ፌቨን «አንድ ቀን ባገኛት» አለች።

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ምን እየጻፍክ ነው ስትለኝ ቆይታለች። ስለ አልበሙና ስለ ቁጥሩ ያነሣሁላት ነገር የለም። ምን ልበልልሽ ስላት እንዲህ ብለህ ጻፍ፣ አደራ እንዳታርመው አለችኝ፦ «ለሦስተኛዬ፣ ለብርቅዬ። ደህና ነኝ። መዝሙርሽን ሰው ሲዘምረው ሰማሁ።»

ወንድምሽ ኩማ

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ
የካቲት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.